ክብደትና ፍርሃት፦ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በአኖሬክሲያ ነርቮዛ ሕክምና ታሪክ

መግቢያ

እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሞርተን በ1689 ስለ ሳንባ ነቀርሳና ሰውነትን ስለሚያመነምኑ ሌሎች ሕመሞች በላቲን ቋንቋ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጽሐፉ ከተመዘገቡት በርካታ ሕሙማን መካከል የሁለቱ ታሪክ ከሌሎቹ ይለያል። አንደኛዋ የ18 ዓመት ወጣት ስትሆን፣ የወር አበባዋ ቀርቶ፣ ምግብ እየተጠየፈች፣ ቀንና ሌሊት መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ የምትውል የምታድር ነበረች። ሞርተን ሲመረምሯት ሳል አላገኙም፤ ትኩሳት አላገኙም፤ የትንፋሽ ማጠርም አላገኙም። ያገኙት ክሳት ብቻ ነበር። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ይህን ያህል ክሳት አይተው እንደማያውቁም መስክረዋል። መድኃኒት አዘዙላት፤ ጥቂት የተሻላት መሰለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን በመድኃኒቱ ተሰላችታ ሁሉንም ተወችው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ራሷን ስታ ሞተች። ሁለተኛው ሕመምተኛ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። እርሱን ትምህርቱን ትቶ ወደ ገጠር እንዲሄድ፣ ፈረስ እንዲጋልብና ወተት እንዲጠጣ አዘዙት፤ ጤናውም በአመዛኙ ተመለሰለት።

እኛ በኢትዮጵያ የምንሠራ ሐኪሞች የመነመነች ወጣት ወደ ምርመራ ክፍላችን ስትገባ በቅድሚያ የምናስበው ቲቢን ነው። ማሰባችንም ተገቢ ነው። ሞርተንም የጀመሩት ከዚያው ነበር። የሚያስመሰግናቸው ግን የሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑን ከተረዱ በኋላ ሕመሙ የለም ሳይሉ መንስኤውን በሐዘንና በመንፈስ ጭንቀት ውስጥ መፈለጋቸው ነው። ከእርሳቸው ዘመን ወዲህ ለዚህ ሕመም መድኃኒት ፍለጋ ያልተሞከረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሙከራዎቹ አንዱን፣ ይኸውም ለስኪዞፍሬኒያና ለመሰል ሕመሞች የሚሰጡት ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች ለአኖሬክሲያ ነርቮዛ የዋሉበትን የ60 ዓመት ታሪክ መቃኘት ነው። ታሪኩ ሁለት ጊዜ የተነገረ አንድ ታሪክ ይመስላል፤ መደጋገሙም ትምህርት አለው።

ሕመሙና ስሙ

በ1873 ሁለት ታላላቅ ሐኪሞች፣ አንዱ በፓሪስ ሌላው በለንደን፣ ስለ ተመሳሳይ ሕመም የጥናት ጽሑፍ አቀረቡ። ፈረንሳዊው ሻርል ላሴግ የስምንት ሕሙማንን ታሪክ መሠረት አድርገው ሕመሙ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚጠናና ቤተሰቡ በልመናና በቁጣ መካከል እንዴት እንደሚዋልል ገለጹ። ላሴግን ከሁሉ የገረማቸው የታካሚዎቹ እርካታ ነው፤ ሰውነታቸው እያለቀ ራሳቸውን እንደ ሕመምተኛ አይቆጥሩም ነበር። እንግሊዛዊው ሰር ዊልያም ጋል ደግሞ ጽሑፋቸውን ለለንደን የክሊኒክ ማኅበር አቀረቡ፤ በ1874 ሲታተምም ሕመሙን እስከ ዛሬ በሚጠራበት ስም «አኖሬክሲያ ነርቮዛ» አሉት።

ስሙ ግን አሳሳች ነው። «አኖሬክሲያ» በግሪክኛ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ታካሚዎች ግን ረሃብ ይሰማቸዋል፤ የሚታገሉት ከረሃቡ ጋር ነው። ዛሬ ሕመሙ የሚታወቀው በሦስት ነገሮች ነው፦ ምግብን በመገደብ ከሚገባው በታች በሆነ ክብደት፣ በውፍረት ላይ ባለ ብርቱ ፍርሃት፣ እንዲሁም የራስን አካል በትክክል ባለማየት ወይም የክሳቱን አደገኛነት ባለመገንዘብ። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በገዳይነታቸው ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በ2011 የታተመና 36 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ እንዳሳየው፣ አንድ ሺህ ታካሚዎችን ለአንድ ዓመት ብንከታተል ከእነርሱ አምስት ያህሉ ይሞታሉ፤ ከሟቾቹም ከአምስቱ አንዱ የሚሞተው ራሱን በማጥፋት ነው።

ጋል «ሚስ ኤ» ብለው የጠሯት የ17 ዓመት ታካሚ ወደ እርሳቸው ስትመጣ ክብደቷ 37 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ኪኒን፣ ብረት፣ ሜርኩሪና ሌሎችም መድኃኒቶች ተሞከሩላት፤ አንዱም የሚታይ ለውጥ እንዳላመጣ ጋል ራሳቸው ጽፈዋል። በመጨረሻ የዳነችው በጊዜው በሚሰጥ ምግብ፣ በሙቀት፣ በዕረፍትና በጽኑ አስታማሚ ነው፤ ክብደቷም ወደ 58 ኪሎ ግራም ከፍ አለ። ጋል ቤተሰብንና ወዳጅን ከሁሉ የባሱ አስታማሚዎች አድርገው ይቆጥሯቸው ስለነበር ታካሚዋን ከቤተሰቧ መለየትን ይመርጡ ነበር። የሕመሙን ስም ያወጡልን ሐኪም ለፈውሱ የመድኃኒት ድርሻ ትንሽ መሆኑን አብረው ነግረውናል። ተከታዮቻቸው ስሙን ተቀብለው ምክሩን ግን ዘነጉት።

ከዕጢ ወደ አእምሮ

በ1914 በጀርመን ሐምቡርግ ይሠሩ የነበሩት የፓቶሎጂ ሐኪም ሞሪስ ሲመንድስ፣ በፒቱታሪ ዕጢ መጥፋት ምክንያት እጅግ መንምና የሞተች አንዲት ሴት የአስከሬን ምርመራ ውጤት አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል አኖሬክሲያ ነርቮዛ የዕጢ በሽታ ተደርጎ ይታይ ጀመር፤ ብዙ ወጣቶችም የዕጢ ቅምም መርፌ እየተወጉ ከረሙ። ሁለቱ በሽታዎች መለያየታቸው በግልጽ የታወቀው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ነው። የፒቱታሪ ዕጢ የከሸፈባቸው ሕሙማን ደካማና ፈዛዛ ሲሆኑ፣ የአኖሬክሲያ ታካሚዎች ግን አጥንታቸው እየታየ እንኳ የማይቀመጡና የሚራወጡ ናቸው።

በዚሁ ዘመን ከሕክምና ክፍል ውጭ የተገኘ አንድ ዕውቀት ለነገራችን ወሳኝ ነው። ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንሰል ኪስ፣ 36 ጤናማ ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እየመገቡ ተከታተሏቸው። ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ በረሃብ የተጎዳውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ማወቅ ነበር። ሰዎቹ ከሱ፤ ግን የተለወጠው ሰውነታቸው ብቻ አልነበረም። ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያጠራቅሙ ጀመር፤ ጉርሻቸውን እየቆራረሱ ሰዓታት ያስቆጥሩ ነበር፤ ተነጫነጩ፣ ከሰው ተለዩ፣ አዘኑ። ከዚህ የምንረዳው፣ በአኖሬክሲያ ታካሚ ላይ ከምናየው የአእምሮ መዛባት ከፊሉ የረሃቡ መንስኤ ሳይሆን የረሃቡ ውጤት መሆኑን ነው። ስለዚህም ክብደትን መመለስ ራሱ የአእምሮ ሕክምና ነው። ይሁን እንጂ የሚኒሶታ ሰዎች ምግብ ሲፈቀድላቸው በሉ፤ የአኖሬክሲያ ታካሚ ግን ምግቡ ከፊቷ እያለ አትበላም። ሐኪሞች መድኃኒት ፍለጋ የወጡት ይህን ልዩነት ለመሙላት ነው።

የመጀመሪያው ተስፋ፦ ክሎርፕሮማዚን

ክሎርፕሮማዚን የተቀመመው በታኅሣሥ 1950 በፈረንሳዩ ሮን ፑሌንክ ኩባንያ ኬሚስት በፖል ሻርፓንቲዬ ነው። የባሕር ኃይል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ኦንሪ ላቦሪ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲሰጡት ታካሚዎቹ ሳይተኙ የተረጋጉና በዙሪያቸው ለሚሆነው ደንታ የሌላቸው እንደሚሆኑ አስተዋሉ። በ1952 ዣን ዴሌይና ፒየር ዴኒኬር በፓሪሱ ሴንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ያገኙትን ውጤት አሳወቁ፤ የሳይካትሪ ታሪክም ተለወጠ። መድኃኒቱ በአውሮፓ «ላርጋክቲል» በሚል ስም ተሸጠ። በየሆስፒታሉ የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች ብዙም ሳይቆዩ አንድ ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሕሙማን ይበላሉ፣ ይወፍራሉም።

ለስኪዞፍሬኒያ ታካሚ ጉዳት የሆነው ነገር ለአኖሬክሲያ ታካሚ ጥቅም ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ አንሥተው በሰፊው የሞከሩት ፒተር ዳሊና ዊልያም ሳርጋንት ናቸው። ሳርጋንት በለንደን የሴንት ቶማስ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ፣ የአእምሮ ሕመም በአካላዊ ዘዴ መታከም አለበት ብለው አጥብቀው ከሚከራከሩት ወገን ነበሩ። ከዚያ ቀደም ለአንዳንድ የአኖሬክሲያ ታካሚዎች የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ አልፎ አልፎም ሉኮቶሚ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሳይቀር ተሞክሮ እንደነበር ስናስታውስ፣ እንክብል መስጠት በዘመኑ ለዘብ ያለ እርምጃ መሆኑን እንረዳለን።

ሁለቱ ሐኪሞች በ1960 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ አዲስ ሕክምና መገኘቱን በርእሱ የሚያበስር ነበር። ታካሚዋ ከአልጋ እንዳትወርድ ይደረጋል፤ ክሎርፕሮማዚን ይጀመርላትና መጠኑ በየቀኑ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በአንዳንዶቹ በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም በላይ ደርሷል። ከዚህ ጋር ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ስኳሯ ወርዶ ላብና ረሃብ ሲይዛት ምግብ ይቀርብላታል። ውጤቱ ፈጣን ነበር። ታካሚዎቹ ቀደም ሲል ያለዚህ መድኃኒት ከታከሙት ይልቅ ቶሎ ወፈሩ፤ ቶሎም ከሆስፒታል ወጡ። ዘዴው ብዙም ሳይቆይ በሌሎች ሆስፒታሎችም ተለመደ።

ለእነዚህ ሐኪሞች ሊሰጣቸው የሚገባው ክብር ግን ከ1960ው ይልቅ በ1966ቱ ጽሑፋቸው ነው። ታካሚዎቻቸውን ለዓመታት ተከታትለው ያገኙትን፣ የራሳቸውን የምሥራች የሚያደበዝዘውን ውጤት በዚያው መጽሔት አሳተሙ። ክሎርፕሮማዚን የሆስፒታል ቆይታን ያሳጥራል፤ ከዓመታት በኋላ ሲታይ ግን መድኃኒቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል የጎላ ልዩነት አልነበረም። ይባስ ብሎም መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ከልክ በላይ የመብላት ልማድ ያደረባቸው በርከት ብለው ተገኙ። በከፍተኛ መጠን ከወሰዱት አንዳንዶቹ ላይ የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥ ታይቶ ነበር፤ የደም ግፊት መውረድም የተለመደ ነበር። ክብደቱ ሰውነት ላይ ተጨመረ፤ ፍርሃቱ ግን ባለበት ቆየ። ታካሚዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ አብሯት የሄደው ፍርሃቱ ነው።

በዚያው ዘመን በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ጄራልድ ራስል፣ በሠለጠኑና ታጋሽ በሆኑ ነርሶች እጅ የአብዛኞቹ ታካሚዎች ክብደት ያለ ብዙ መድኃኒት ሊመለስ እንደሚችል ያስተምሩ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ክብደትን መመለስ ሳይሆን የተመለሰውን ማቆየት መሆኑ እየታወቀ መጣ።

የዶፓሚን ዘመን

መድኃኒቱን ለመስጠት ሌላም ምክንያት ነበር። በ1962 ጀርመን ተወልደው በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ሳይካትሪስት ሒልዴ ብሩክ፣ የአኖሬክሲያ ታካሚዎች ስለ ገዛ አካላቸው ያላቸው ግንዛቤ ከእውነታ ፈጽሞ የራቀ መሆኑን ጻፉ። አጥንቷ የወጣ ወጣት መስታወት ፊት ቆማ «ወፍራም ነኝ» ስትል ማስረጃ አይመልሳትም። ይህ ዓይነቱ ጽኑ እምነት በሳይኮሲስ ሕሙማን ላይ ከሚታየው የተዛባ እምነት በምን ይለያል? ብሩክ ራሳቸው መልሱን የፈለጉት በመድኃኒት ሳይሆን በረጅም የምክክር ሕክምና ነበር፤ ጥያቄው ግን የመድኃኒት ተመራማሪዎችን ትኩረት ሳበ።

በ1976 ባሪና ክላዋንስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ የአኖሬክሲያ ምልክቶች የሆኑት ምግብ አለመሻት፣ ዕረፍት ማጣት፣ ማስመለስና የወር አበባ መቅረት ሁሉም በዶፓሚን መብዛት ሊብራሩ ይችላሉ የሚል መላ ምት አቀረቡ። ሐሳቡ እውነት ከሆነ ዶፓሚንን የሚያግዱት ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች የሕመሙን ሥር መንካት ነበረባቸው። ይህን በጥንቃቄ የፈተኑት የቤልጂየሙ ዋልተር ቫንደሬይከን ናቸው። በ1982 ከባልደረባቸው ጋር ፒሞዛይድን፣ በ1984 ደግሞ ሰልፒራይድን፣ ሐኪሙም ታካሚውም የተሰጠው መድኃኒት ይሁን ፕላሴቦ በማያውቁበት ስልት መረመሯቸው። ጥናቶቹ ትናንሽ ነበሩ፤ መድኃኒቶቹ ከፕላሴቦ በግልጽ መብለጣቸውን ግን ማሳየት አልቻሉም። የ1960ው ተስፋ በትክክለኛ ሚዛን ሲመዘን ቀለለ።

በ1983 አሜሪካዊቷ ዝነኛ ድምፃዊት ካረን ካርፔንተር በ32 ዓመቷ ከዚህ ሕመም በተያያዘ የልብ ችግር ስትሞት፣ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ተወስኖ የኖረው ስም ወደ ሕዝብ ወጣ። ሞቷ ለሐኪሞችም ማስታወሻ ነበር። የአኖሬክሲያ ታካሚ ልብ ይመነምናል፣ ምቱም ይዘገያል፤ በማስመለስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት በመውሰድ ምክንያት የደሟ ፖታሲየም ይወርዳል። እንዲህ ባለ ልብ ላይ የኪው ቲ ርዝመትን የሚጨምር እንደ ፒሞዛይድ ያለ መድኃኒት መጨመር ሌላ አደጋ መጋበዝ ነው።

ሁለተኛው ተስፋ፦ ኦላንዛፒን

በ1996 ኤሊ ሊሊ የተባለው ኩባንያ ያመረተው ኦላንዛፒን በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ። እንደ ቀደምቶቹ የጡንቻ መገታተርና መንቀጥቀጥ ባያበዛም ክብደትን በመጨመር ረገድ ግን ከብዙዎቹ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞችም የ1950ዎቹን ጥያቄ፣ ብዙዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት መጠየቁን ሳያስታውሱ፣ እንደገና ጠየቁ። ከ1999 ጀምሮ ሁለትና ሦስት ታካሚዎችን የሚመለከቱ ዘገባዎች በመጽሔቶች ይወጡ ጀመር። ዘገባዎቹ ስለ ክብደት ብቻ የሚናገሩ አልነበሩም፤ ታካሚዎቹ ስለ ምግብ የሚመላለስባቸው ሐሳብ ጋብ ማለቱንና ጭንቀታቸው መርገቡንም ይገልጹ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት የተደበላለቀ ነው። በ2008 በካናዳ ኦታዋ 34 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን ሕክምና ፕሮግራም ላይ ኦላንዛፒን የተጨመረላቸው ከሌሎቹ ፈጥነው ክብደት ጨመሩ፤ የሚመላለስባቸው ሐሳብም ቀነሰ። በ2011 በአሜሪካ 20 ልጃገረዶች በተሳተፉበት የዐሥር ሳምንት ጥናት ግን ከፕላሴቦ የተለየ ጥቅም አልታየም፤ የደም ስኳርና ኢንሱሊን ወደ ላይ የማዘንበል ምልክት ታየ። በዚያው ዓመት በ40 ወጣቶች ላይ የተሞከረው ሪስፔሪዶንም ጥቅም አላሳየም።

እስከ ዛሬ ከተደረጉት ትልቁ በ2019 ታተመ። በኒው ዮርክ፣ በባልቲሞር፣ በፒትስበርግና በቶሮንቶ የሚገኙ አምስት የሕክምና ማእከላት 152 ተመላላሽ ታካሚዎችን ለ16 ሳምንታት ተከታተሉ፤ ከፊሉ በቀን እስከ 10 ሚሊ ግራም ኦላንዛፒን፣ ከፊሉ ፕላሴቦ ይወስዱ ነበር። ኦላንዛፒን የወሰዱት ቢ.ኤም.አይ. በወር በአማካይ 0.259፣ ፕላሴቦ የወሰዱት ደግሞ 0.095 ጨመረ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ይህ በወር 700 ግራም ያህልና 260 ግራም ያህል ማለት ነው። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን እውነተኛ ነው፤ በአልጋ ላይ ላለች ታካሚ ሚዛን ግን መጠነኛ ነው። ስለ አካል ቅርጽ ያለው ፍርሃትና የሚመላለሰው ሐሳብ በሁለቱ ወገኖች መካከል የተለየ ለውጥ አላሳየም። ጥናቱን ሳይጨርሱ ያቋረጡትም ብዙዎች ነበሩ።

በዚህም ሁለተኛው ተስፋ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ፦ መድኃኒቱ ክብደትን ጥቂት ይረዳል፤ ፍርሃቱን ግን አያነሣም። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት ለአኖሬክሲያ ነርቮዛ ብቸኛ ሕክምና ሆኖ እንዳይሰጥ ደንግጓል። በአሜሪካም ፍሉኦክሰቲን ለቡሊሚያ ሲፈቀድ፣ ለአኖሬክሲያ ነርቮዛ ተብሎ በይፋ የተፈቀደ መድኃኒት ግን አንድም የለም።

ታካሚዋ ምን ትጠየቃለች?

ይህ ታሪክ በአመዛኙ የተጻፈው በሐኪሞች በመሆኑ መለኪያው ሁልጊዜ ክብደት ነው። ነገሩን ከታካሚዋ ወገን ሆነን ብናየው ሌላ መልክ ይኖረዋል። ከዓለም ሁሉ አብልጣ የምትፈራው መወፈርን ነው። እኛ ደግሞ ዝናው በማወፈር የሆነን እንክብል እንድትውጥ እንጠይቃታለን። ለኦላንዛፒን ጥናቶች ፈቃደኛ ታካሚ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። በዚህ ጊዜ ሐኪም ሁለት ፈተናዎች ይገጥሙታል። አንደኛው ታካሚዋ እንዳትሸሽ ብሎ የመድኃኒቱን ጠባይ መደበቅ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ይሠራ ይሆናል፤ የመድኃኒቱን መግለጫ ያነበበች ዕለት ግን መድኃኒቱንም ሐኪሙንም አብራ ትተዋለች። የሞርተን ታካሚ መድኃኒቱን ከተወች በኋላ ሦስት ወር ብቻ እንደቆየች አንርሳ። ሁለተኛው ፈተና ክብደቱ በመጨመሩ ተደስቶ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

እውነቱን መናገር ይቻላል፤ የጥናቶቹ ውጤትም ይህን ያግዛል። «ይህ መድኃኒት ከቁጥጥርሽ ውጭ አያወፍርሽም፤ በጥናት እንደታየው ያለ መድኃኒቱ ከሚጨመረው በላይ በወር የሚጨምርልሽ በአማካይ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው። ፍርሃትሽንም በአንድ ጊዜ አያጠፋውም። ለአንዳንዶች ግን በማዕድ ፊት የሚገጥማቸውን ጭንቀት ያረግብላቸዋል፤ እንቅልፍም ይሰጣቸዋል። አብረን እንሞክረውና ካልረዳሽ እናቆመዋለን» ማለት ከታሪኩ ጋር የሚስማማ፣ ሐሰት የሌለበት ንግግር ነው።

ለእኛ ሀገር ሐኪም

ክሎርፕሮማዚን ለኢትዮጵያ ሐኪም እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን የሳይካትሪ ትምህርታችንን የጀመርነው ከእርሱና ከሃሎፔሪዶል ጋር በመተዋወቅ ነው። መድኃኒቱ እጃችን ላይ በመሆኑ ብቻ ምግብ እምቢ ላለች ወጣት ማዘዝ ቀላል ነው፤ የ1966ቱ ጽሑፍ መነበብ ያለበትም ስለዚህ ነው። ከማዘዛችን በፊት ቲቢን፣ ኤች.አይ.ቪ.ን፣ የስኳር በሽታን፣ የታይሮይድ ሕመምንና የአንጀት በሽታዎችን መመርመር፣ ከዚያም ፖታሲየም፣ ፎስፌትና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ማየት ይገባል። ለረጅም ጊዜ የተራበን ሰውነት በችኮላ መመገብ ራሱ ፎስፌትን አውርዶ ሊገድል እንደሚችልም ማሰብ ያሻል።

በሀገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት፣ በጋና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ያለ ሌላ በሽታ ራሳቸውን በረሃብ ያመነመኑ ልጃገረዶች ስለ ውፍረት ሳይጨነቁ ምግብ መተዋቸውን ከሃይማኖታዊ በጎነት ጋር ያያይዙት እንደነበር ገልጿል። ጾም የተከበረ በሆነበት ሀገር ሕመሙ በጾም ስም ሊሸሸግ ይችላል። መለያው ግን አለ። ጾም ፍቺ አለው፤ ለታመመም ይፈታል። ፋሲካ ደርሶ ቤተሰቡ ሲፈታ እርሷ ሰበብ እየፈለገች ከማዕዱ የምትሸሽ ከሆነ፣ ሐኪሙ፣ ወላጆቿና የነፍስ አባቷ በአንድነት ሊነጋገሩ ይገባል።

ማጠቃለያ

በ1987 ራስልና ባልደረቦቻቸው በሞድስሊ ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት፣ ሕመሙ ገና በለጋ ዕድሜ ለጀመራቸውና ብዙ ላልቆየባቸው ታካሚዎች ወላጆችን የሕክምናው አጋር ማድረግ ከግለሰብ ምክክር የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አሳየ። ጋል ከታካሚዋ አጠገብ ያራቋቸው ወላጆች ከ110 ዓመት በላይ ቆይተው ወደ ማዕዱ ተመለሱ፤ ዛሬ ለወጣት ታካሚዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚመከረውም ይኸው ነው። ጋል በቤተሰብ ጉዳይ ተሳስተው ሊሆን ይችላል። በጊዜው ስለሚሰጥ ምግብና ስለ ጽኑ አስታማሚ የተናገሩት ግን ሁለት ትውልድ መድኃኒቶች ከተሞከሩ በኋላም አልተሻረም።

ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት በዚህ ሕክምና ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ቦታው ግን የረዳት ነው፤ በትንሽ መጠን፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በታካሚዋ ዕውቀትና ፈቃድ፣ ምግቡና አስታማሚው ባሉበት የሚሰጥ ነው። ዳሊና ሳርጋንት የራሳቸውን ተስፋ በራሳቸው እጅ መዝነው ያገኙትን ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኛም ታካሚያችን በሦስተኛው ወር ክብደቷ ሲጨምር ደስ ሊለን ይገባል፤ ሕክምናው ሠምሯል ለማለት ግን በሦስተኛው ዓመት ከቤተሰቧ ጋር ያለ ፍርሃት መብላቷን እስክናይ መቆየት ይኖርብናል።